አሸናፊዋ እስክትሸና

የሥራ ዘመኔን መጨረሻ ያሳለፍኩት የፈረስ ሽንት በመቅዳት ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን እንደዚያ ሥራ ልቤን ያስመታኝ፣ እንደዚያ ሥራ ከአልጋዬ አስፈንጥሮ ያስነሳኝ የለም። ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ኬክ አስጋግረው፣ ላዩ ላይ በክሬም ጠርሙስ አስለው አመጡልኝ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቢጫ ክሬም ምን እንደሆነ ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም። እኔ ሁለት ቁራሽ በላሁ።

ኦስሎ ውስጥ ትራቭ የሚባል የፈረስ እሽቅድምድም አለ። ነጂው ፈረሱ ላይ አይወጣም፤ ከኋላ በሁለት ጎማ በምትሄድ ቀላል ጋሪ ላይ ተቀምጦ ዛቡን ይይዛል። ፈረሱ መሮጥ ያለበት በሶምሶማ ብቻ ነው፤ ስሜቱ ገፍቶት ከጋለበ ከውድድሩ ይወጣል። ተመልካቹ በፈረሶቹ ይወራረዳል። ውርርድ ባለበት ቦታ አጭበርባሪ አይጠፋም፤ አጭበርባሪ በሌለበት ቀን እንኳ ጥርጣሬው አለ። ስለዚህ ያሸነፈው ፈረስ ከሜዳው ሲወጣ በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣል። ሐኪሟ ደም ትወስዳለች፣ እኔ ሽንት እቀዳለሁ፣ ሁለቱም ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። የተከለከለ መድኃኒት ከተገኘበት ድሉ ይሰረዛል፣ አሰልጣኙም ይታገዳል። ሥራው ይኸው ነው።

እዚያ እንዴት እንደደረስኩ ልንገራችሁ። የእንስሳት ጤና ረዳትነት የተማርኩት ደብረ ዘይት ነው። የመጀመሪያ ምድቤም እዚያው አካባቢ ነበር፤ በሽተኞቻችን በአብዛኛው የጋሪ ፈረሶች ነበሩ፣ ጀርባቸው የተላጠ፣ ኮቴያቸው የተሰነጠቀ። አለቃችን በሰው ላይ ሲጮህ ጣሪያ የሚያስነቅል፣ ፈረስ አጠገብ ሲቆም ግን ድምፁ የሚጠፋ ሰው ነበር። ኖርዌይ ስመጣ የትምህርት ማስረጃዬ ተተረጎመ፣ ተመዘነ፣ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ብሪን አካባቢ በአንድ ሲከየም፣ ማለትም በአረጋውያን መጦሪያ ቤት፣ ተቀጠርኩ። ከምኖርበት ከሆልምሊያ በባቡር እመላለስ ነበር። ሥራው አልከፋኝም፣ ደመወዙም ልጄን ሳሮንን አሳድጎልኛል።

እዚያ አንዲት ውኃ አልጠጣም ያሉ አሮጊት ነበሩ። የሚጠይቃቸው ሰው ሁሉ ይለምናቸዋል፣ ይቆጣቸዋል፣ ብርጭቆውን ወደ አፋቸው ይገፋል። እኔ ብርጭቆውን በእጃቸው አስይዤ አጠገባቸው ዝም ብዬ እቆማለሁ። ትንሽ ቆይተው ይጠጣሉ። አንድ ቀን ልጃቸው ከበሩ ሆና ስታየኝ ቆይታ ወደ እኔ መጣች። ረጅም፣ ሽበቷን ወደ ኋላ ያሰረች ሴት ናት።

«ምን ብለሻት ነው የጠጣችው?» አለችኝ።

«ምንም አላልኳቸውም። ጠበቅኳቸው።»

«መጠበቅ የት ተማርሽ?»

«ፈረስ ዘንድ» አልኩ። ድሮ ምን እሠራ እንደነበር በአጭሩ ነገርኳት።

ዓይኗ ሲበራ አየሁ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ አለሽ?» አለች።

ይህች ሴት ሲግሪድ ናት፤ የትራቭ ሜዳው የናሙና ክፍል ኃላፊ፣ የፈረስ ሐኪም። በአማርኛ ቢሆን «እርስዎ» እያልኩ ነበር የማናግራት። ኖርዌጂያን ግን አንቱታ አይወድም፤ አለቃም ይሁን ሹም በስሙ ነው የሚጠራው። ጊዜው በፈረንጆቹ የ2010ዎቹ መጀመሪያ ነበር፣ እኔም ከሃምሳ አልፌያለሁ። በዚያ ዕድሜ አዲስ ሥራ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ራሱ ተአምር ነው።

የመጀመሪያዋን ቅዳሜ አልረሳትም። ፈረሶቹ ሲነሡ መሬቱ ጫማዬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ያን ያህል የተቀለበ፣ ያን ያህል የሚያብረቀርቅ ፈረስ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም! አሸናፊው ላቡ እየተነነ ወደ ክፍላችን ሲገባ እንደ ልጅ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ሲግሪድ ክንዴን ያዝ አደረገችና «አሁን ቀስ በይ። እሱ የሮጠው ይበቃዋል፣ አንቺ አትሩጪ» አለችኝ።

ሥራው ከውጪ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ ፈረሱ አንገት ውስጥ ያለችውን ቺፕ በማንበቢያ እናያለን፤ የሮጠው ፈረስና የቀረበው ፈረስ አንድ መሆናቸውን ለማረጋገጥ። ከዚያ ብርድ ልብስ ለብሶ ትንፋሹ እስኪሰክን ይንሸራሸራል። ንጹሕ ጭድ ወደ ተጎዘጎዘበት ጋጣ ይገባል። አዲስ ጭድ ፈረስን ያሸናል፣ ለምን እንደሆነ እሱ ይወቅ። እኔ ጫፉ ላይ ኩባያ የታሰረበት ረጅም ዘንግ ይዤ ከጎኑ፣ እርግጫ ከማይደርስበት፣ እቆማለሁ። አፏጫለሁ። ዘፈን አይደለም፤ አንድ ድምፅ፣ ረጅም፣ ወደ ታች እየወረደ የሚሄድ። በእግሬ ጭዱን ትንሽ አንኮሻኩሻለሁ። ፈረሱ ሊሸና ሲል መጀመሪያ የሚያውቀው ጆሮው ነው፤ ወደ ጎን ላላ ይላል። ከዚያ የኋላ እግሮቹን ይከፍታል፣ ጭራው ይነሳል። ዘንጉን ቀድመህ ካስገባህ ይደነግጥና ይተወዋል፣ ከዘገየህ መሬት ይጠጣዋል። በዚያች ቅጽበት ላይ ነው ሙያው ያለው። ሲሳካ እንዴት እንደሚያስደስት! ሞቅ ያለው ኩባያ እጄ ላይ ሲከብድ ዋንጫ የተሸለምኩ ያህል ይሰማኝ ነበር።

የተቀዳው ሁለት ጠርሙስ ላይ ይከፈላል፤ አንዱ ይመረመራል፣ ሌላው አሰልጣኙ ውጤቱን ከተቃወመ ለዳግም ምርመራ ይቀመጣል። ፊርማና ማኅተም ይከተላል።

የሲግሪድ ልማዶች ብዙ ነበሩ። የሥራ ካፖርቶቻችንን ኪሶች በሙሉ በመርፌ ሰፍታ ዘግታቸዋለች፤ ማንም ከኪሳቸው አውጥተው ጨመሩበት እንዳይለን። ጠርሙሶቹን እኛ አንመርጥም፤ አሰልጣኙ ራሱ ከሣጥኑ እጁን ሰድዶ ያነሳል። ከአሰልጣኝ ቡና እንኳ አትቀበልም ነበር፣ የራሷን በፔርሙስ ይዛ ነው የምትመጣው። ጓንት ከማጥለቋ በፊት እጇን ትታጠባለች፣ ካወለቀች በኋላም እንዲሁ። አንድ ጊዜ «ጓንት እያለ ለምን ትታጠቢያለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሰው የሚያየው እጄን ነው» አለችኝ። «የሺ፣ እኛ ንጹሕ መሆናችን አይበቃም። ሲያዩን ንጹሕ መሆናችን ሊታወቅ ይገባል።»

ሰው በእርግጥም ያየን ነበር። ሳሮን ያኔ ዩኒቨርሲቲ ጀምራለች፤ ሥራዬን ስነግራት ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ማማ፣ ሴርዮስት? የምርሽን ነው? ፈረሶቹ በሙሉ እኮ መድኃኒት ይወጋሉ። ሁሉም ያውቃል» አለችኝ።

«ከየት አወቅሽ?»

«ኢንተርኔት ላይ አንብቢው።»

አነበብኩት። እያንዳንዱ ድል ሥር አስተያየት ተደርድሯል፤ ሌባ፣ ቀማኛ፣ መርፌ ወጊ። ያሸነፈ ሁሉ አጭበርባሪ ነው፤ የተሸነፈ ሁሉ የተዘረፈ ነው። ከቤተ ክርስቲያንም አልቀረልኝም። የጸሎት ቡድናችንን የሚመሩት ጋሽ ታደለ አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለብቻዬ ጠሩኝ።

«እህት የሺ፣ ቁማር ቤት ገብታለች ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?»

«ቁማሩ ውስጥ የለሁበትም ጋሼ። እኛ መወራረድ ክልክል ነው። እኔ ሌባ እንዳይኖር ነው የምጠብቀው።»

«ሁሉም ሌባ ከሆነ ማንን ከማን ትለያለሽ?»

በባቡር ወደ ቤቴ ስመለስ ይህችኑ ጥያቄ ሳገላብጥ ነበር።

ሌባ አልነበረም አልልም። ነበረ። አንድ ትልቅ ጋጣ ያለው፣ ፎቶው ከጋዜጣ የማይጠፋ አሰልጣኝ ነበር። የእሱ ፈረስ ባሸነፈበት ዕለት ሽንቱን የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ ውጤቱ ሲመጣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ተገኘበት። ፈረሱ ሲመረመር የፊት እግሩ ጅማት አብጧል። ማረፍ ሲገባው አስሩጠውታል። የዚያን ቀን ሲግሪድ ወረቀቱን ይዛ ቆመችና «እግሬን አመመኝ የሚልበትን አፍ ነው የዘጉበት» አለች። የመድኃኒቱ ነገር ለምን እንደሚያስቆጣ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ገንዘብ የተበላው ተወራራጅ ነገ ሌላ ገንዘብ ያገኛል። ፈረሱ ግን ሕመሙን ሳያውቅ በሕመሙ ላይ ይሮጣል። ሰውየው ሲታገድ ደስታዬ ወሰን አጣ! ሌባ አስይዣለሁ እኮ!

የኦድቫር ነገር ግን እንደዚያ አልነበረም።

ኦድቫር ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። በሄልስፊር በኩል የሚያልፈውን አውቶቡስ ዘመኑን ሙሉ ነድቷል፤ ምናልባት እኔንም ሳላውቀው አሳፍሮኝ ይሆናል። ከከተማው ወጣ ብሎ ትንሽ ጋጣ አለችው፣ በውስጧም ሦስት ፈረሶች። ራሱ ያሠለጥናል፣ ራሱ ይነዳል። ከሦስቱ አንዷ ስቲየርና ትባላለች፤ ኮከብ ማለት ነው። ግንባሯ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት ቡናማ ባዝራ። ማንም ሳይጠብቃት ታዋቂ ፈረሶችን ቀድማ አንድ ቅዳሜ አሸነፈች። የተወራረዱት ሰዎች ገንዘብ እሳት በላው፤ ክፍላችን ድረስ ጩኸታቸው ይሰማ ነበር። ኦድቫር ጠርሙሱን ሲመርጥ በደስታ ያንጎራጉር ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ መጣ። የሕመም ማስታገሻ፣ በጣም ጥቂት፣ ግን ተገኝቷል። ሁለተኛው ጠርሙስም ሲመረመር ያንኑ አለ።

ጋዜጦቹ በትልቁ ጻፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተመልካቹ ኦድቫርን «አፖቴከረን» አለው፤ ፋርማሲስቱ ማለት ነው። እሱ ግን «ምንም አልሰጠኋትም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረውም። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ ሲግሪድን ወደ ጋጣው ላከ፤ እሷም እኔን ምስክር አድርጋ ይዛኝ ሄደች።

ብሩህ፣ ብርዳም ጠዋት ነበር። ኦድቫር ጋጣው በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሳይላጭ ነው የሰነበተው። ገና ሳንደርስ መማል ጀመረ። ሲግሪድ እጇን አንስታ አስቆመችው።

«አትንገረኝ» አለችው። «ያን የውድድር ቀን ጠዋት ያደረግኸውን ሁሉ አሁን አድርገው። እኛ እዚህ የለንም ብለህ ቁጠር።»

ግራ ተጋባ፤ ግን ገባ። ጃኬቱን ሰቀለ። ሬድዮኑን ከፈተ። የውኃውን ባልዲ አየ፣ ድርቆሽ አመጣ። እኔና ሲግሪድ ግድግዳውን ተደግፈን እናያለን። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ አንዲት ትንሽ ቱቦ አነሳ፣ ክዳኗን ከፈተ፣ ነጭ ቅባት አወጣና አውራ ጣቶቹን ማሸት ጀመረ፤ የዘመናት የአውቶቡስ መሪ ያሳበጣቸውን ጣቶች። እያሸ ወደ ስቲየርና ሄደ። ባዝራዋ አንገቷን ሰድዳ ጠበቀችው። ገና ልጓሙን ሳያነሳ ሁለት መዳፎቹን ዘረጋላት፤ እሷም ግራ ቀኝ እያለች በሰፊ ምላሷ ላሰቻቸው። ሁልጊዜ እንደምታደርገው መሆኑ ያስታውቃል። እሱም ፈገግ አለ።

ድንገት ደርቆ ቀረ። እጁን አየ። ቱቦዋን አየ።

«ሄረጉድ» አለ፤ ጌታ ሆይ ማለቱ ነው። ድርቆሹ ላይ ተቀመጠ።

እኔ ልዘል ነበር! ተገኘ እኮ! ማስታገሻው ያለው ቅባቱ ውስጥ ነው፣ በምላሷ ነው የገባው! ሰውየው ሌባ አይደለም፣ ጣቱን የሚያመው ሽማግሌ ነው! ሲግሪድ ግን ፊቷ አልተለወጠም። ጓንቷን አጠለቀች፣ ቱቦዋን በጥንቃቄ አንስታ ከረጢት ውስጥ አስገባች፣ ከዚያ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ኦድቫር፣ ይህ እንዴት እንደሆነ ይነግረናል» አለችው። «ነፃ ግን አያወጣህም። ባዝራዋ ሰውነት ውስጥ የሚገባው ነገር ሁሉ ኃላፊነቱ ያንተ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ። «አዎ፣ አውቃለሁ። ሆን ብዬ እንዳላደረግኩት ግን ሰው ይወቅልኝ።»

ኮሚቴው ሄልስፊር አንድ ቢሮ ውስጥ ተሰብስቦ ወሰነ። ድሉ ተሰረዘ፤ እገዳው አጠረ፤ ሆን ብሎ እንዳላደረገው በግልጽ ተጻፈ። ዜናው ሲወጣ ግን ከቲማቲም ማስታወቂያ ሥር ነበር፣ በትንንሽ ፊደል። ለሳሮን ወስጄ አሳየኋት።

«ቅባት?» አለች። «ማማ፣ ተይ እንጂ። ማን ያምናል?»

«እኔ እዚያው ቆሜ አይቻለሁ!»

«አንቺ አይተሻል። እነሱ አላዩም።»

ይህች ንግግሯ ውስጤ ገብታ ቀረች።

ኦድቫር እገዳውን ጨርሶ በክረምት ተመለሰ። ቅባቱን ትቷል፣ ጋጣው በር ላይ የእጅ መታጠቢያ አቁሟል። ስቲየርናም በተመለሰች በሦስተኛው ውድድሯ አሸነፈች! በዚያ በረዶ ላይ እንደ ወፍ ነበር የበረረችው። ሰዉ «አፖቴከረን! አፖቴከረን!» እያለ ጮኸበት። እኔና ሲግሪድ ግን ተያይተን በዓይናችን ሳቅን፤ ይህ ሽንት ተመርምሮ ንጹሕ ሲወጣ አፋቸው ይዘጋል። የተቀዳውም ግሩም ነበር፣ ሁለት ጠርሙስ ሙሉ።

ጠርሙሶቹ ላቦራቶሪ አልደረሱም። ናሙናውን የያዘው መኪና በረዶ ላይ ተንሸራትቶ ከመንገድ ወጣ፤ ሾፌሩ ደህና ነው፣ ሣጥኑ ግን ተገልብጦ የዚያን ቀን ጠርሙስ በሙሉ ተሰባበረ። የደሙም እንዲሁ። ሁለቱም የሽንት ጠርሙሶች በአንድ ሣጥን ነበር የሚጓዙት። ሲግሪድ ለየብቻ ይላኩ እያለች ብዙ ጊዜ ጠይቃ ነበር፤ ወጪ ነው ተብሎ ታልፏል።

ከዚያ በላይ የከበደ ቀን በሥራዬ አላየሁም። ጋዜጠኞች መጡ። ሲግሪድ ኪሱን በሰፋችው ካፖርቷ ሜዳው በር ላይ ቆማ «ናሙናው የለንም» አለች። ሌላ ሰበብ አልደረደረችም። አንዱ «ምን ያህል ተከፈላችሁ?» ብሎ ጮኸ። ፊቷ ሲቀላ አየሁ። ወደ ክፍላችን ስትመለስ ወንበር ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትታጠብ።

«ይህን ሁሉ ዘመን አንድም አልጠፋብኝም ነበር» አለች።

«አንቺ አይደለሽም የጣልሽው።»

«የጠፋው ግን የኦድቫር ነው። እኔ እንዴት አድርጌ እመልስለታለሁ?»

ኦድቫር ራሱ መጣ። የተቆጣ መስሎኝ ተነሳሁ። እሱ ግን ኮፍያውን አውልቆ «ሾፌሩ ደህና ነው?» ብሎ ጠየቀ። ደህና መሆኑን ስንነግረው ራሱን ነቅንቆ ወጣ። ሲግሪድ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ጠርሙስ እዚያው ሜዳው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ ጀመር። ሲግሪድ በጸደይ ጡረታ ወጣች፤ ቀድሞ የታቀደ ነበር፣ ሰዉ ግን ሸሸች አለ። በምትኳ የመጣው ወጣት ሐኪም ጥሩ ሰው ነው፤ የሽንቱን ክፍል ሙሉ በሙሉ ለእኔ ለቀቀልኝ።

አሁን ወደማልረሳት ሌላ ቅዳሜ ልምጣ። መስከረም ነበር፣ ፀሐዩ እንደ ማር። ስቲየርና ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ኦድቫር ይህ የመጨረሻ ውድድሯ ነው፣ ከዚህ በኋላ ለእርባታ ትቀመጣለች ብሏል። ሳሮንን ለመንኳት፤ «አንድ ጊዜ ብቻ መጥተሽ እዪ።» እየሳቀች መጣች።

ስቲየርና ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆና ነበር የጀመረችው። እኛ ክፍል በር ላይ ቆሜ አያለሁ። በመጀመሪያው ዙር አልተንቀሳቀሰችም። በሁለተኛው ኦድቫር ወደ ውጪ አወጣት፤ አንዱን አለፈች፣ ሌላውን አለፈች። መታጠፊያው ላይ አራተኛ ናት። ቀጥታው መንገድ ላይ ሲገቡ ከፊቷ ያለው ፈረስ ጋለበና ከውድድር ወጣ። ሦስተኛ! እኔ አድሏዊ መሆን አይገባኝም፣ አፌን በእጄ ያዝኩ። ሁለተኛ! መስመሩ ላይ ሁለት አፍንጫ እኩል ደረሰ። መስመሩ ላይ የተነሳው ፎቶ ታየ፤ ድምፅ ማጉያው «ስቲየርና!» አለ።

ጩኸቱ ወዲያው ተነሳ። ጭብጨባም ነበረበት፣ ግን «አፖቴከረን!» የሚለው ይበልጣል። ኦድቫር ባዝራዋን እየሳበ ወደ እኔ ሲመጣ ሰዎች በአጥሩ በኩል ተከትለውት ክፍላችን ፊት ለፊት ተሰበሰቡ። አንዱ «ይህንንም ስበሩት!» አለ። ሳቁ።

ኦድቫር ላቡን ጠረገና አየኝ። «የሺ፣ በሩ ይከፈት» አለኝ።

«ምን?»

«ሰዎቹ ይዩ።»

ወደ ሐኪሙ ዞርኩ። ደንቡ ፈቃድ የሌለው ሰው እንዳይገባ ይከለክላል። የጋጣው በር ደግሞ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ የላይኛውና የታችኛው። የላይኛው ይዘጋ የሚል የትም አልተጻፈም። ሐኪሙ ትከሻውን ነቅንቆ «በሽንቱ አንቺ ነሽ አለቃ» አለኝ።

ሰው ሲያያት አልሸና ብትልስ? ደብቀዋል ይሉናል። ግን ሳሮን ያለችኝ ነገር መጣብኝ፤ እነሱ አላዩም። የላይኛውን በር ከፈትኩት።

ቺፗን አነበብን፣ ቁጥሩን ጮክ ብዬ ለሁሉም ተናገርኩ። ኦድቫር እጁን ታጠበ፣ ከሣጥኑ ጠርሙሶች መረጠ፣ ከፍ አድርጎ አሳያቸው። ስቲየርና ንጹሕ ጭድ ላይ ቆመች። ዘንጌን ያዝኩ። አፏጨሁ።

ምንም የለም። ከውጪ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው አስነጠሰ። የባዝራዋ ጆሮ ወደ እነሱ ተቀሰረ።

ወደ በሩ ሄድኩና «ስሙኝ» አልኩ፣ በተሰባበረው ኖርዌጂያንኛዬ። «እውነቱን ማወቅ ትፈልጋላችሁ? እንግዲያው ዝም በሉ። እናንተ ስትጮኹ እሷ አትሸናም።»

ዝም አሉ! ያ ሁሉ ሰው ቢራውን እንደያዘ፣ ቲኬቱን እንደጨበጠ ዝም አለ። ተመልሼ ቆምኩ። አፏጨሁ። ጭዱን በእግሬ ነካ ነካ አደረግኩ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ከእኔ ጋር ማፏጨት ጀመሩ። ሌላ ሰው ተከተለ። ከዚያ የሳሮንን ፉጨት ለየሁት። ትንሽ ቆይቶ አጥሩ ሁሉ በዚያች ወደ ታች በምትወርድ አንድ ድምፅ በቀስታ ያፏጭ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ጆሮዋ ላላ። እግሮቿን ከፈተች። ጭራዋ ተነሳ። ዘንጌን ዘረጋሁ።

ኩባያው ሲሞላ ያ ሕዝብ ጎል እንደገባ ጮኸ! ኮፍያ ተወረወረ። እኔ የሞላውን ኩባያ እንዳይፈስ ቀና አድርጌ ወደ ጠረጴዛው ስዞር አንዱ ቢራውን አንስቶ «ስኮል!» አለ፤ ኖርዌጂያን መጠጥ ሲያነሳ የሚለው ቃል ነው። ሁሉም «ስኮል!» ብለው መለሱለት። ኦድቫር የባዝራዋን አንገት አቅፎ ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ መለየት አልቻልኩም። ሳሮን አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ «ማማ! ማማ!» ትላለች። ሁለት ጠርሙስ ቀዳሁ፣ አሸግሁ፣ አንዱን ሁሉም እያዩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆለፍኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባቡሩ ሆልምሊያ ሊደርስ ሲል ሳሮን «ሌላው ፈረስ ሲያሸንፍስ? በሩ ይከፈታል?» አለችኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ይከፈታል» አልኳት። እስከወጣሁበት ቀን ድረስም አልዘጋሁትም። አሁንም በኢንተርኔቱ የሚሳደብ አልጠፋም፤ በሩ ላይ መጥቶ የሚያየው ግን ይበዛል። ለጋሽ ታደለም ነገርኳቸው። ሳቃቸው እንባቸውን አመጣው፤ ሲጨርሱ «በይ፣ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ።

የስቲየርና ውጤት የደረሰው ከሳምንታት በኋላ፣ እኔ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ነው። ንጹሕ። ምንም፣ ቅንጣት የለባትም። በተለመደው አሠራር ንጹሕ ውጤት ለማንም በስልክ አይነገርም፤ የዚያን ቀን ግን ሐኪሙ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። መጀመሪያ ሲግሪድ ጋ ደወልኩ፤ «ጥሩ» አለች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ስታጸዳ ሰማሁ። ቀጥዬ ኦድቫር ጋ ደወልኩ። ከኋላው ድርቆሽ የሚያኝክ አፍ ይሰማል፤ ጋጣው ውስጥ ነበር።

«ንጹሕ ናት» አልኩት።

«ለራሷ ንገሪያት» አለኝና ስልኩን የባዝራዋ ጆሮ ላይ አደረገው። ትንፋሿ ሞቅ ብሎ የደረሰኝ መሰለኝ። እኔም ኖርዌጂያንኛው ጠፋብኝና በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ፣ ቢሮው ሁሉ እየሰማኝ ነገርኳት።